ጥያቄና መልስ፦ ጳጉሜ 6ን ሞክራችኋታል?

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ሶፍትዌር ሙከራ ናቸው። ደስ ብሎኛል።

ከባሕር ዳር አንድ ወጣት የሙከራ እቅድ ስንት ገጽ መሆን እንዳለበት ይጠይቃል።

ቡድንህ አንብቦ የሚጨርሰውን ያህል።

ከደብረ ማርቆስ የጻፈችልኝ ዴቨሎፐር ቸግሯታል። ዊንዶውስ ላፕቶፗ ላይ ሁሉም ይሠራል፤ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን ፎቶዎቹ አይታዩም።

እህቴ፣ መጀመሪያ የፋይሎቹን ስም እዪ። ዊንዶውስ እንደተለመደው የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። ኮዱ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል እንኳ ከፋይሉ ስም ከተለየ ሊኑክስ ፎቶውን አያገኘውም። ለወደፊቱ ግን ላፕቶፕሽ ላይም በዶከር፣ ማለትም ሌላ ሲስተም ለብቻው በሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ሊኑክስ አስነሺ። የዳታቤዙን የስሪት ቁጥርም እቅዱ ላይ ጻፊው።

ከፍኖተ ሰላም ለገበሬዎች ማኅበር የብድርና የማዳበሪያ መመዝገቢያ የሚሠሩ ልጆች አሉ። አለቃቸው «ጊዜ የለንም፣ የአባላቱን ዳታ እንዳለ ቅዱና ሞክሩበት» ብሏቸዋል። ምን ችግር አለው ይሉኛል።

ኧረ ትልቅ ችግር አለው! በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ ቦታ የሙከራ ሲስተማችን ውስጥ የደንበኞች ስልክ ነበር። አንድ ማታ «ብድርዎ ጊዜው አልፏል» የሚል መልእክት ለእውነተኛ ሰዎች ሄደ። በማግስቱ አንዲት እናት ከገጠር ተነሥተው መጡ። ሰባራ ሳንቲም ዕዳ የለባቸውም። ፊታቸው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ አትቅዱ፣ ፍጠሩ። መልእክት መላኪያውም በሙከራ ጊዜ ወደ ራሳችሁ ስልክ ብቻ ይላክ። የፈጠራችሁት ሰው ግን የአገሩን ሰው ይምሰል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ ተብሎ የተመዘገበ አንድ ሰው አስገቡ፤ ፍለጋው ያገኘዋል? በአንድ ቀበሌ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አስገቡ። ቁጥሩ በ07 የሚጀምር ይኑር፤ ጭራሽ ስልክ የሌላቸው አዛውንትም ይኑሩ። ክፍያ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ግማሹ ተመዝግቦ ግማሹ እንዳይቀር ሞክሩ።

ጳጉሜን ደግሞ አትርሱ። ጳጉሜ 6 በ2015 ነበረች፣ በ2019 ትመለሳለች። በዚያች ቀን ለአንድ ዓመት የተሰጠ ብድር መቼ ነው የሚመለሰው? በ2016 ጳጉሜ 5 ላይ አልቃለች። ኮዱ መስከረም 1 ብሎ በገበሬው ላይ የቀን ወለድ ሊጨምር ይችላል። መልሱን እናንተ አትወስኑ። የማኅበሩን ሒሳብ ሹም ጠይቁና እቅዱ ላይ አስፍሩት።

አለቃችሁ አሁንም ቅዱ ካላችሁ፣ የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩን ንገሩት። የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ አንድ ፋይል እንኳ እንዳትነኩ። ይህን አጥብቄ ነው የምላችሁ።

የዳንግላው ተማሪ ደግሞ ኮዱን ራሴ ጽፌ ራሴው ብሞክረው በቂ አይደለም ወይ ይላል።

አይደለም። አንተ የምትሄደው በምታውቀው መንገድ ነው። ጓደኛህ ይሞክረው። ከተቻለ ደግሞ ዛሬ በመዝገብ ላይ በእጃቸው የሚጽፉትን ሰው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጥ። ምንም ሳታስረዳ ዝም ብለህ እይ፤ የተደናገሩበትን ቦታ ሁሉ ጻፍ።