ተቀምጦ መዋልና ጀርባችን፦ የባህር ዳር አንባቢዎች ጥያቄ

ሰሞኑን ስለ መጉበጥ፣ ስለ አንገትና ስለ ወገብ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው ምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። በሰርግ ፎቶ ላይ ራሴን ሳየው አንገቴ ወደ ፊት ወጥቷል፣ ትከሻዬም ወደ ውስጥ ገብቷል። 31 አመቴ ነው፣ አሁን ይስተካከላል?

መልስ፦ ኧረ ይስተካከላል እህቴ! ባንቺ እድሜ አብዛኛውን ጊዜ የደረት ጡንቻ ይጠብቅና በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሀል ያለው ደግሞ ይደክማል፣ ጭንቅላት ራሱ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ስለሚመዝን ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ማጅራት ላይ ጫናው ይጨምራል። ወለል ላይ በጀርባሽ ተኚ፣ ጀርባሽ ተዘርግቶ ጭንቅላትሽ ያለ ትራስ መሬት ከነካ አከርካሪሽ ይታዘዛል ማለት ነው፣ አይዞሽ።

ከዛ ፊት ለፊት እያየሽ አገጭሽን ቀጥታ ወደ ኋላ ሳቢ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አይሁን፣ 5 ሰከንድ ያዢና ልቀቂ፣ 10 ጊዜ። ቀጥሎ ሁለቱን ክንዶችሽን በር መቃን ላይ አስደግፈሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሂጂና ደረትሽ እየተሳበ 30 ሰከንድ ቆዪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ግን ዋናው ማጠንከሩ ነው። የስፖርት ላስቲክ መስኮት ብረት ላይ አስረሽ ክርንሽን ወደ ኋላ እየሳብሽ 12 ጊዜ በ3 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን ስሪ። ሁለት ሶስት ወር ስጪው። ደሞ ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብዬ ልቀመጥ ብለሽ አትጨነቂ፣ ቀጥ ብሎም ቢሆን ለሰአታት ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ያደክማል፣ በየግማሽ ሰአቱ ተነሺ።

ጥያቄ፦ አባይ ማዶ ባጃጅ እነዳለሁ፣ ማታ ስወርድ ወገቤ ቶሎ አይቃናም። ጂም ምሄድበት ጊዜ የለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጂም አያስፈልግህም። ከታችኛው ወገብ ተነስቶ በዳሌ አልፎ ጭን አጥንት ላይ ሚያያዝ ጡንቻ አለ፣ ተቀምጠህ ስትውል አጥሮ ነው ሚውለው፣ ስትቆም ወገብህን ይጎትተዋል፣ የመቀመጫህ ጡንቻ ደግሞ ስራ ፈትቶ ይሰንፋል። የሞተሩ ንዝረት አለ፣ ሰው ከጎንህ ጭነህ ደሞ ተጣመህ ነው ምትነዳው፣ ሁሉም ወገብህ ላይ ነው ሚያርፈው። ወረፋ ስትጠብቅ ውረድና ሁለቱን እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ተለጠጥ። ቤት ስትገባ አንድ ጉልበትህን ምንጣፍ ላይ አንበርክከህ ሌላውን እግር ፊት አድርግ፣ በተንበረከክበት ጎን ያለውን የመቀመጫህን ጡንቻ አጥብቀህ ዳሌህን ትንሽ ወደ ፊት ግፋ፣ የጭንህ ፊት ሲሳብ ይሰማሃል፣ በየእግሩ 30 ሰከንድ። ከዛ በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን አጥፈህ ዳሌህን ወደ ላይ አንሳ፣ 12 ጊዜ። ቦርሳህን ከኋላ ኪስህ አውጣው፣ ዳሌህን ያጣምማል።

ጥያቄ፦ የ13 አመት ልጄ ትጎብጣለች። ገበያ ላይ ያለውን የጀርባ ማቅኛ ቀበቶ ልግዛላት?

መልስ፦ አይግዙ እናቴ። ታጥቃው እያለች ቀጥ ትላለች፣ ስትፈታው ግን ጡንቻዋ አልጠነከረም። በዚህ እድሜ ሰውነታቸው ሲለወጥ አፍረው ሚጎብጡ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ሰው ፊት ቀጥ በይ እያሉ አያሳፍሯት፣ መረብ ኳስም ሆነ ዋና ምትወደውን ስፖርት ትጀምር። አንድ ነገር ግን ይዩላት፦ እግሯን ገጥማ ጎንበስ ስትል ከኋላ ሆነው ጀርባዋን ያስተውሉ፣ በአንድ በኩል የጎን አጥንቷ ከፍ ካለ አከርካሪው ወደ ጎን ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል ሀኪም ጋ ይውሰዷት። በእድገት ላይ እያለች ከታየ ሀኪሙ ሚያዘው የተለየ ድጋፍ አለ፣ እሱ ከገበያው ቀበቶ ጋር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ጣና ዳር መራመድ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ ለልብና ለመንፈስ ግሩም ነው! የአለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፣ ከዛ በተጨማሪ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ። አንዳንዴ ወደ ቤዛዊት ዳገት ውጡ፣ ዳገት የመቀመጫ ጡንቻን ያሰራል፣ ለላይኛው ጀርባ ግን ላስቲኩ አይቀርም።

ጥያቄ፦ 58 አመቴ ነው፣ ጡረተኛ ነኝ። ጀርባዬ በቅርቡ መጉበጥ ጀመረ፣ ማታ ያልበኛል፣ ኪሎም ቀንሻለሁ። የትኛውን ስፖርት ልስራ?

መልስ፦ አባቴ፣ ስፖርቱ ይቆይና መጀመሪያ ይመርመሩ። የማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስና አዲስ ጉብጠት ሲገጣጠሙ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ሌላ ህመም ሊሆን ስለሚችል ፈለገ ህይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይታዩ፣ ነገ ዛሬ አይበሉ። እግርዎ ከደከመ፣ በሁለቱ እግርዎ መሀል ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልቆጣጠር ካለዎት ደግሞ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ቲቢ ሆኖ ከተገኘ መድሃኒቱ በመንግስት ጤና ተቋም በነፃ ነው ሚሰጠው፣ ስለ ወጪ ብለው እንዳይቀሩ።