በማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ የካርታ ጨዋታ የድሮው ካርታና ዳግም የታተመው ሲለያዩ የትኛው ጽሑፍ ይሠራል?

ለሁለቱም ካርታዎች የሚሠራው አዲሱ ጽሑፍ ነው። የአጎትዎ ልጅ ከውጭ ያመጣልዎት የድሮው ካውንተርስፔል (የተጋጣሚን አስማት የሚያከሽፍ ካርታ) ዓይነቱን «ኢንተራፕት» ቢልም፣ ዶሚናሪያ ሪማስተርድ ከተባለው የካርታ ስብስብ የወጣው የጓደኛዎ ደግሞ «ኢንስታንት» ቢልም፣ በማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ ሕግ ስማቸው አንድ ስለሆነ አንድ ካርታ ናቸው፤ በመሆኑም «የእኔ ኢንተራፕት ስለሆነ ይቀድማል» የሚለው ክርክርዎ አያስኬድም።

ኢንተራፕት የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1999 ከስድስተኛው እትም ጋር በመጣው የሕግ ለውጥ ቀርቷል። አሳታሚው የእያንዳንዱን ካርታ ወቅታዊ ጽሑፍ «ኦራክል» በሚል ስም ጋዘረር በተባለው ድረ ገጹ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ክርክር ሲነሳ የሚታየው እሱ እንጂ በእጅ የተያዘው ወረቀት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ካፌ ተቀምጠን ስንጫወት ኔትወርክ ሲጠፋ ጋዘረርን መክፈት ስለማይቻል፣ አንዳንዶች አዲሱን ጽሑፍ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከካርታው ጋር በፕላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ ይከቱታል። ወረቀቱ ካርታውን ስለሚያወፍረው ሲበወዝ በጣት ይለያል፤ ተጫዋቹንም ሳያስበው አጭበርባሪ ያስመስለዋል። ይልቅ ገጹን ቤትዎ ሳሉ ስክሪንሾት አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ጠርዙ የተበላውን የድሮ ካርታም ከሌሎቹ ጋር ጀርባው በማያሳይ አንድ ዓይነት ሽፋን ውስጥ ያድርጉት።