«በተነ» ያልሁበት ዜና

ከሰሞኑ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ተርጓሚ በተረጎመው ነገር ይጠየቃል?» አለችኝ። «አይጠየቅም» ብያት ቤቴ ገባሁ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

በ1990ዎቹ ለአንድ የስፖርት ጋዜጣ ከእንግሊዝ ታብሎይዶች (ወሬና ቅሌት ከሚያራግቡ ጋዜጦች) ዜና እየተረጎምሁ እልክ ነበር። በኢንተርኔት ቤቱ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻዬ ያልቃል፤ የደቂቃው ሒሳብ ግን ይቆጥራል። አንድ ሳምንት መኪና ስለገዙ ሁለት ተጫዋቾች ጻፍሁ። ጥቁሩን «ገንዘቡን በተነ»፣ ነጩን «ለድካሙ ራሱን ሸለመ» አልሁት። ጋዜጣው በአውቶቡስ ደሴ ሲደርስ፣ ሆጤ አካባቢ ያለ ፀጉር አስተካካይ እንደ ልማዱ ገጹን በሙጫ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በሩ ላይ ጫማዬን የሚያስውብልኝ ሊስትሮ ብድግ ብሎ ቀለም የነካ ጣቱን «በተነ» ከሚለው ቃል ሥር አኖረና፣ «ጋሼ፣ የዚያኛው መኪና እኮ ይወደዳል፤ ይኼኛው ለምን በተነ ተባለ?» ሲል ጠየቀኝ። «እንግሊዞቹ ያሉት ነው» ብዬ ሌላውን እግሬን ሣጥኑ ላይ አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የእንግሊዝኛው ግስ «ብዙ ገንዘብ አወጣ» ተብሎ ሊመለስ ይችል ነበር፤ «በተነ»ን የመረጥሁት እኔ ነኝ። የጣቱ አሻራ ገጹ እስኪቀደድ ድረስ ከቃሉ ሥር ቆየ፤ እኔም ፀጉሬን ሌላ ቦታ መስተካከል ጀመርሁ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የማንችስተር ሲቲው ራሂም ስተርሊንግ በቼልሲ ሜዳ በተሰደበ ማግስት የእንግሊዙን ጋዜጣ የዴይሊ ሜይልን ሁለት ዜናዎች ኢንስታግራም ላይ ጎን ለጎን ሲያወጣ፣ ያ ጣት ትዝ አለኝ። ጥቁሩ ቶሲን አዳራቢዮ በ2.25 ሚሊዮን ፓውንድ ለገበያ የቀረበ ቤት ሲገዛ፣ ርእሱ በሳምንት 25,000 ፓውንድ እንደሚከፈለውና በፕሪሚየር ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ እንዳልጀመረ ቆጠረበት፤ የክለብ ጓደኛው ነጩ ፊል ፎደን ግን በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ለእናቱ ቤት ገዛ ተባለለት። ስተርሊንግ እንዳስታወሰው፣ ሁለቱም የገዙት ለእናቶቻቸው ነበር። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ አንዱን አባካኝ ሌላውን መልካም ልጅ የሚያደርገው የርእሱ አወቃቀር ነው።

እናንተ ደግሞ ለመጣደፍ ማን ብሏችሁ! ርእሱን በስልካችሁ አስተርጉማችሁ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋላችሁ፤ የእኔ ትውልድ ቢያንስ መዝገበ ቃላት ይገልጥ ነበር ልል አልሁና፣ «በተነ»ን ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት እንዳልነበረ አስታወስሁ። ተርጓሚ አይጨምር፣ አይቀንስ የሚለውን ዛሬም አምንበታለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ዜና ስለ ጥቁር ሰው የተጠቀመበትን ግስ፣ ያው ጋዜጣ ተመሳሳይ ነገር ላደረገ ነጭ ምን እንዳለ ሳላይ ዛሬ አልተረጉምም።

በማግስቱ ለተማሪዋ ደውዬ፣ «ይጠየቃል» አልኋት። «በማን?» አለችኝ። ስለዚያ ልጅ ጣት ነገርኋት።