ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ አንድም ፔፐር የለኝም፤ ላቁም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሂሳብ ፒኤችዲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነሽ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሌማ (ዋናውን ውጤት ለማረጋገጥ ቀድሞ መረጋገጥ ያለበት ትንሽ መግለጫ) አላንቀሳቅስ ብሎሻል። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው ጓደኛሽ አራት ፔፐር አውጥቷል፤ አንቺ ዜሮ። አማካሪሽን የምታገኚው በሁለት ወር አንዴ ነው። እኔ በግራፍ ቲዎሪ ነው የጨረስኩት፤ ግራፍ ማለት ነጥቦችና እነሱን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። ያሳለፍኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ከጓደኛሽ ጋር መፎካከሩን ተይው። የምትቆጥሩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። እነሱ ጋ፣ በተለይ ማሽን ለርኒንግ ላይ፣ ሥራ በዋናነት የሚወጣው በኮንፈረንስ ነው። የማስገቢያው ቀን የተቆረጠ ነው፤ መልሱም በጥቂት ወራት ውስጥ ይታወቃል። ውድቅ ቢሆን እንኳ ቀጣዩ ኮንፈረንስ ደርሷል። የሂሳብ ጆርናል ግን ገምጋሚው ማረጋገጫውን መስመር በመስመር እስኪያይ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የስም አቀማመጡም ይለያያል። እነሱ ጋ መጀመሪያ የተጻፈው ሰው ብዙውን ሥራ እንደሠራ ይታሰባል። እኛ ጋ በፊደል ተራ ነው። ፊዚክስማ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉት ሁለት ቡድኖች ሂግስ የሚባለውን ቅንጣት መጠነ ቁስ የለኩበትን ፔፐር አብረው ሲያሳትሙ የደራሲዎቹ ቁጥር 5,154 ነበር። ከ33 ገጽ 24ቱን የያዘው የደራሲዎችና የተቋማት ዝርዝር ነው። ከእነሱ መሀል አንዱ ተማሪ “እኔም ፔፐር አለኝ” ቢልሽ ከአንቺ ዜሮ ጋር እንዴት ታወዳድሪዋለሽ?

አሁን ወደ ሌማው። (እኔ ቤት ደውዬ “ሌማው አስቸገረኝ” ስል እናቴ ለማ የሚባል ሰው መስሏት “ተወው፣ አትጣላው” ትለኝ ነበር።)

ሁለተኛ ዓመቴ መጨረሻ ላይ አንድ ሌማ “ግልጽ ነው” ብዬ አለፍኩና በላዩ 30 ገጽ ጻፍኩ። አማካሪዬ አንብባ “ይሄ ለምን እውነት ሆነ?” አለችኝ። አፌ ተያዘ። ከዚያ አምስት ወር ሙሉ ላረጋግጠው ታገልኩ። ሁሌ የሆነች ነገር ትቀረኛለች፤ ነገ ያልቃል እላለሁ፤ አያልቅም። አንድ ማታ በንዴት ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። በእጄ የፈተሽኩት እስከ አምስት ነጥብ ያላቸውን ግራፎች ብቻ ነበር። ባለ አምስት ነጥቦቹ፣ ተመሳሳዮቹ እንደ አንድ ከተቆጠሩ፣ 34 ብቻ ናቸው። ባለ ስምንት ነጥቦቹ ግን 12,346 ናቸው። ለሰው ብዙ ነው፣ ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። እነሱ ላይ ስደርስ ሌማው ውሸት ሆኖ አረፈው። አምስት ወር ውሸት ላረጋግጥ ስለፋ ነበር ማለት ነው።

ያን ቀን አለቀስኩ። ግን ያቺ ማፍረሻ ምሳሌ የትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደጎደለኝ አሳየችኝ። እሱን ስጨምር ሌማው ቆመ። የመጀመሪያ ፔፐሬ የወጣው ከዚያ ነው።

የእኔ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሁለት ግራፎች የነጥቦቻቸው ስም ቢቀያየርም አንድ መሆናቸውን መለየት ራሱ ትልቅ ጥያቄ ነው። ታዋቂው የሂሳብ ሊቅ ላስሎ ባባይ እ.ኤ.አ. በ2015 እሱን በኳዚፖሊኖሚያል ጊዜ፣ ማለትም ከቀድሞዎቹ ዘዴዎች እጅግ በፈጠነ ጊዜ፣ የሚፈታ አልጎሪዝም አገኘሁ ሲል ብዙ ተወራለት። ጃንዋሪ 2017 ላይ ሃራልድ ሄልፍጎት የሚባል ሌላ የሂሳብ ሊቅ ስህተት አገኘበት። ባባይ በይፋ “አባባሌን አንስቻለሁ” አለ፤ በቀናት ውስጥም አስተካከለው። እሱ እንኳ እንዲህ ሆነ።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ማረጋገጡን ተይና ሌማውን ለማፍረስ ሞክሪ። ከልብሽ፣ እንደ ጠላት። ከፈረሰ ተገላገልሽ። አልፈርስ ካለም የት ላይ እንደሚከላከል ታያለሽ፤ ብዙ ጊዜ ማረጋገጫው እዚያ ነው የሚደበቀው። ጎን ለጎን አንድ ትንሽ ጥያቄ ያዢ። ትልቁ ሲዘጋብሽ ትንሹ ላይ እጅሽን ታፍታቺበታለሽ።

እኔን ከሌማው በላይ ያሳሰበኝ ግን የአማካሪሽ ነገር ነው። በሁለት ወር አንዴ ለሦስተኛ ዓመት በጣም ትንሽ ነው። “አልገባኝም” ብለሽ አትሂጂ፤ አንድ ገጽ ጻፊ። ምን እንደሞከርሽ፣ የቱ ጋ እንደተሰበረ፣ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ ምን እንደሆነ። ቀድመሽ ላኪለትና በሁለት ሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ለምኚው። እምቢ ካለ ከክፍሉ ሌላ ሰው ፈልጊ። ሁለተኛ አማካሪ መያዝ ነውር አይደለም።

ማቆሙን በተመለከተ፣ አብሮኝ የጀመረ ልጅ አራተኛ ዓመቱ ላይ ትቶ ወጥቷል፤ ሶፍትዌር ይሠራል፣ ደስተኛ ነው። እሱ ግን የወጣው ሂሳቡን ማሰብ ራሱ ስላስጠላው ነው። አንቺ ጥያቄሽ ውስጥ “ማታ ማታ አሁንም ሳላስበው አልተኛም” ብለሻል።

ሌማው ስለ ምን እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። ትንንሽ ምሳሌዎች ካሉት እዚህ አስቀምጪው፤ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ፣ አብረን እናፈርሰው።