ኮንፊገር «ሬግኮምፕ የለም» ሲል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው። ከጓደኛዬ ጋር በሲ የጻፍነው ፕሮግራም አለ፤ ከአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቀንና ስልክ ቁጥር በሬጀክስ (የጽሑፍ ቅርጽ ገልጾ መፈለጊያ ስልት) ይለቅማል። እኔ ኡቡንቱ ላይ ኮምፓይል ሳደርገው ያለ ችግር ያልቃል። እሱ ዊንዶውስ ላይ በሚንጂደብሊው (ለዊንዶውስ በተዘጋጀው የሲ ኮምፓይለር) ሲሞክር ግን ኮንፊገር፣ ከግንባታው በፊት ሲስተሙን የሚፈትሸው ስክሪፕት፣ «ሬግኮምፕ የለም» ብሎ ቀጥ ይላል። ላፕቶፑን ፎርማት ላድርገው እያለ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኧረ ፎርማቱ ይቅር! ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። ሬግኮምፕና ሬግኤክዜክ ሬጀክስን የሚያዘጋጁና የሚያስኬዱ የፖሲክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደረጃ) ፈንክሽኖች ናቸው። ኡቡንቱ ላይ ጂሊብሲ ውስጥ፣ ማለትም ሌሎቹም የሲ ፕሮግራሞች በሚጠቀሙበት ዋና ላይብረሪ ውስጥ አብረው ስለሚመጡ ሳታስበው ነው ያገኘሃቸው። የዊንዶውስ የሲ ላይብረሪ ግን የለውም። ሚንጂደብሊው የሚያገናኘው ከዚያው ላይብረሪ ጋር ነውና ከየት ያምጣው?

ኮንፊገር ሲፈትሽ ብዙ አይራቀቅም። ፈንክሽኑን የምትጠራ ጥቂት መስመር የሲ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ኮምፓይልና ሊንክ ያደርጋታል፣ ካልተሳካ «የለም» ይላል። ለምን እንዳልተሳካ ስክሪን ላይ አይነግርህም። ምክንያቱን የሚያስቀምጠው ኮንፊግ ሎግ የሚባለው ፋይል ውስጥ ነው፤ ያቺ የወደቀችው ፕሮግራም ራሷ ከነኤረሯ እዚያ ተገልብጣ ታገኛታለህ። ጓደኛህ ፋይሉን ይክፈትና ሁለት ቦታ ይይ፦ ሄደሩ (ፈንክሽኖቹን ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቀው ፋይል) የተፈተሸበትንና ፈንክሽኑ የተፈተሸበትን። ሁለቱም ከወደቁ ሬጀክሱን የያዘው የላይብረሪ ጥቅል ጭራሽ አልተጫነም ማለት ነው። ሄደሩ ተገኝቶ ፈንክሽኑ ብቻ ከወደቀ ደግሞ ላይብረሪው ሳይኖር አይቀርም፣ ሊንክ አድርግ ያለው ግን የለም።

መፍትሔው ኤምሲስ2 (ሚንጂደብሊውንና ጥቅሎቹን ዊንዶውስ ላይ የሚያስጭነው መድረክ) ላይ ሊብጂኑአርኤክስ የሚባለውን የሬጀክስ ጥቅል መጫን ነው፣ እንደ አማራጭ ሊብሲስትሬም አለ። ከዚያ የኮንፊገር ምንጭ ፋይላችሁ ውስጥ «ፈንክሽኑ አለ ወይ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ከእነዚህ ላይብረሪዎች በየትኛው አለ» የሚለውን የኦቶኮንፍ (ኮንፊገርን የሚፈጥረው መሣሪያ) ማክሮ ተጠቀሙ። እሱ መጀመሪያ ያለ ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ ይሞክራል፣ ስለዚህ አንተ ኡቡንቱ ላይ ምንም አይለወጥብህም። ሌላው መንገድ ግሬፕና ሴድ የሚባሉት የጽሑፍ መሣሪያዎች እንደሚያደርጉት የሬጀክሱን ኮድ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መላክ ነው፤ ለተማሪ ፕሮጀክት ግን እኔ ብሆን አልገባበትም።

አሁን ሳትጠይቀኝ የምነግርህ ነገር አለ። ኮንፊገር «አለ» ቢል እንኳ እንዳትዘናጋ፣ ምክንያቱም የእናንተ ጽሑፍ አማርኛ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ፕሮግራሙ ሲጀምር ሴትሎኬልን (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩን የሚያነቃውን ፈንክሽን) ካልጠራችሁ ሬጀክሱ የሚያየው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። «ሀ»ን፣ «አ»ን፣ «በ»ን ብትወስድ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት ነው። በቅንፍ ውስጥ «አበገ» ብለህ ከሦስቱ አንዱን ፈልግ ስትለው «ሀ»ንም አገኘሁ ይልሃል! ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል፤ እንዲህ ያለው ነገር ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቀምጠው።

ስለዚህ ፈተናውን ራሳችሁ ጻፉት። ሴትሎኬል ትጠሩና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነጥብ (ማለትም «ማንኛውም አንድ ፊደል») ብቻ ያለው ሬጀክስ «ሀ»ን ይቀበል እንደሆነ ታያላችሁ። ከተቀበለ ፊደል ያውቃል። ዊንዶውስ ላይ በተለይ ሳትፈትኑ አትመኑት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ይህ ፈተና ፕሮግራሟን ራን ማድረግ ይፈልጋል፤ ኡቡንቱ ላይ ሆናችሁ ለዊንዶውስ የምትገነቡ ከሆነ ኮንፊገር ራን ሊያደርጋት አይችልም። ያኔ ፈተናውን ወደ ፕሮግራሙ መነሻ አዛውሩት። እግረ መንገዴን፣ ስልክ ቁጥር ስትለቅሙ ከፐርል ቋንቋ የመጣውን የቁጥር ምልክት፣ ዲ ያለበትን፣ አትጠቀሙ። ፖሲክስ አያውቀውም፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ብላችሁ በቅንፍ ጻፉት።

ጥያቄ፦ ከመሃል ሜዳ ነው የምጽፈው። አልፓይን ሊኑክስ ላይ ጊትን (የኮድ ለውጥ መከታተያውን) ከምንጩ ልገነባ ብዬ ሜክ የሚለውን የግንባታ ትእዛዝ ስሰጥ «ሬግ ስታርትኤንድ ያስፈልጋል» ብሎ አቆመኝ። ሬጀክስ እኮ አለው! ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ አለው፣ ልክ ነሽ እህቴ። አልፓይን የሚጠቀመው መስል የሚባለውን የሲ ላይብረሪ ነው፣ የፖሲክሱን ሬጀክስም ይዟል። ሬግ ስታርትኤንድ ግን ቢኤስዲ ከሚባለው የዩኒክስ ዘር ሰፈር የመጣ ጭማሪ ነው፤ ጂሊብሲ ተቀበለው፣ መስል አልተቀበለውም። ጊት ከ2016 ጀምሮ የግድ ይፈልገዋል። ተራ ሬግኤክዜክ የጽሑፉን መጨረሻ የሚያውቀው በዜሮ ባይት ነው፤ ጊት ደግሞ ፋይልን በቀጥታ ሜሞሪ ላይ ዘርግቶ ያነባል። የፋይሉ መጠን ልክ 4096 ባይት (በተለምዶ አንድ የሜሞሪ ገጽ) ከሆነ ከጫፉ በኋላ ዜሮ የለም፣ ፍለጋው ድንበር ያልፍና ፕሮግራሙ ይወድቃል። ሬግ ስታርትኤንድ «ከዚህ እስከዚህ ብቻ ፈልግ» ማለት ያስችላል።

አንቺ ኮንፊገርን ዘለሽ በቀጥታ ሜክ ብለሽ ሳይሆን አይቀርም። የጊት ኮንፊገር ይህንኑ ነገር ለይቶ ይፈትሻል፣ ከሌለ ጊት ይዞት የሚመጣውን የራሱን ሬጀክስ እንዲጠቀም ያደርጋል። ምንጩን በክሎን ከሆነ ያመጣሽው የኮንፊገር ፋይሉ ገና አልተፈጠረም፤ መጀመሪያ ሜክ ኮንፊገር በይ፣ ቀጥሎ ኮንፊገሩን አስኪጂ፣ ከዚያ ሜክ።