በራሱ እግር የመጣ ልጅ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ አራት ኪሎ ታክሲ ስትጠብቅ ስልኳን ተነጠቀች። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። «ለፖሊስ አመለከትሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ ስልኩስ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ለምን ልንገላታ?» አለችኝ። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ለመሆኑ ፖሊስ ጣቢያ በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ሰው አለ?» ስትል ጨመረች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፖሊስነት እንዳገለገልኩ ታውቃለች። ልታስቀይመኝ ብላ አይደለም፤ የምሯን መጠየቋ ነበር። እኔ ግን መልስ አልሰጠኋትም። በገዛ ፈቃዱ፣ በራሱ እግር የመጣ አንድ ልጅ ትዝ አለኝና አፌ ተያዘ። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው፤ ይልቁንም ዘንድሮ ሥልጠና ጨርሳችሁ የደንብ ልብስ ለምትለብሱት።

ጊዜው ሐምሌ 1992 ነው። ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጣቢያ ተረኛ መርማሪ ነበርኩ። ሐምሌ ለሊስትሮዎች የሥራ ወር ነው፤ የአዲስ አበባ ጭቃ እንጀራቸው ነው። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ የሊስትሮ ሳጥኑን በትከሻው አንግቶ ገባ። ሸሚዙ ከገላው ጋር ተጣብቋል። ማንም አልጠራውም። ሁለት ሰዎች የቆመ መኪና መስታወት ሰብረው ቦርሳ ሲወስዱና በሌላ መኪና ሲሄዱ አይቷል፤ ያንን ሊናገር ነው የመጣው። ታርጋውን ይዞታል። ወረቀት ስላልነበረው በጫማ ቀለም፣ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጽፎታል። ክዳኑን ከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ አሳየኝ። ቁጥሮቹ ትልልቅና ጠማማ ነበሩ፤ ጽሕፈት በቅርቡ የተማረ ልጅ እጅ ነው።

ቁጭ በል አላልኩትም። ለምን እንደ ጻፈው ጠየቅኩት። ምን እንዳገባው ጠየቅኩት። ሰዎቹን ከየት እንደሚያውቃቸው፣ «ድርሻህን ከለከሉህ?» ብዬም ጠየቅኩት። ልጁ ግራ ገባው። ሲደናገጥ እኔ መደናገጡን እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርኩበት። «ለማጣራት ይቆይ» አልኩ።

ይህች «ለማጣራት» የምትባል ቃል በሙያችን ብዙ ሰው አሳስራለች። ለተናጋሪው ቀላል ናት፤ በእሷ ምክንያት ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ የሚያድረው ሌላ ሰው ነው።

ሕጉን አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ የወጣው እኔ በተወለድኩበት ዓመት፣ በ1954 ነው፤ እኩዮች ነን። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን ያኔም ይዟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 አጠናክሮታል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ብቻ አይታሰብም። ከእኛ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም ነበር። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት ሲያዙ ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲቆዩ ያዝዛል። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼ አልፌበታለሁ። ያ ልጅ ግን ከአዋቂዎች ጋር አደረ። ደግሞም የሚያዝበት አንዳች ምክንያት አልነበረም። ምስክር ነው፤ ቃሉን ተቀብዬ፣ አመስግኜ ልሸኘው ይገባኝ ነበር።

የሚከነክነኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ተያዘ፤ ቦርሳውም ውስጡ ተገኘ። ታርጋው ልጁ እንደ ጻፈው ነበር፣ አንድ ቁጥር አልተሳሳተም። ባለንብረቱ መጥቶ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ፣ ተራዬን አስረክቤ ቤቴ ሄድኩ። ምሳ በላሁ። እሑድ ልጆቼን ይዤ ዘመድ ጥየቃ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ጠልቼው አይደለም፣ ጨካኝም ሆኜ አይደለም። ረሳሁት።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ስገባ ዘበኛው «ያ ሊስትሮ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» አለኝ። 64 ሰዓት ሆኖታል። ልጁ ወጣ። አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። «ሳጥኔስ?» አለ። የተያዘ ዕቃ በሚመዘገብበት በኤግዚቢት መዝገብ ላይ አላስመዘገብኩትም ነበርና ስንፈልግ ቆይተን ከበሩ ኋላ ተገኘ። ብሩሾቹ የሉም፤ ማን እንደ ወሰዳቸው አልታወቀም። ልጁ ክዳኑን ከፈተና ታርጋውን አየው። ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ በምራቁ አርሶ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ፊቴ ቆሞ ነው ያጠፋቸው። ሳጥኑን አንግቶ ሄደ።

መስከረም ላይ በዚያው መንገድ ሌላ መኪና ተሰበረ። ሲኒማ ኢትዮጵያ አካባቢ ደረጃዎች ላይ በረድፍ የተቀመጡትን ሊስትሮዎች እየዞርኩ ጠየቅኩ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ከመካከላቸው ትንሹ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ እኛ የምናየው ጫማ ብቻ ነው» አለኝ። የኔን ጫማ እያየ ነበር። ያ መዝገብ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ተዘጋ። ያን ልጅ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እነዚያን ደረጃዎች ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ሄጄ፣ ጫማ ከሚጠርጉት መካከል አርባ ዓመት የሚጠጋ ሰው እፈልግ ነበር። ምን ልለው እንደ ነበር አሁንም አላውቅም።

ሥራ ስጀምር አለቃዬ የነበሩ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። አቤቱታ ይዞ የመጣን ሰው ስሙን ከመጠየቃቸው በፊት ወንበር ይስቡለት ነበር። «ቆሞ የሚናገር ሰው ግማሹን ይረሳል» ይሉናል። ባልቴት ከሆነች ሻይ ያስመጣሉ፤ የሻዩን ገንዘብ ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት። እኛ ወጣቶቹ እንደ ድክመት እናየው ነበር። የጡረታ ሽኝታቸው ቀን የሰፈሩ ሰው ግቢውን ሞልቶት እንደ ነበር ግን አስታውሳለሁ።

ጉቦ አትብሉ፣ ሰው አትምቱ ብዬ አልጽፍላችሁም። ይህን የማያውቅ ሰው ልብሱን ባይለብሰው ይሻላል። የምለምናችሁ ተራችሁን ስታስረክቡ የእስረኞቹን ስም ዝርዝር ሳይሆን እስረኞቹን ራሳቸውን እያያችሁ እንድታስረክቡ ነው። በሩን አስከፍቱና እያንዳንዱ ለምን እንዳለ ጠይቁ። ሕጉንም አጥኑ፤ ምንም እንኳ እኔ አጥንቼው ባያድነኝም።

በ2003 የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ሲወጣ ደስ ብሎኛል። ግን የታሰበው ለከባድ ወንጀሎች ነው። ሳጥን ክዳን ላይ ታርጋ ለሚጽፍ ልጅ ያለው ጥበቃ በዚያች ሰዓት ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው ነው።

እናንተ ልብሱን የማትለብሱት ደግሞ፣ ሰው ሲደበደብ ከማገላገል ይልቅ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ይቀናችኋል። ይህ ያናድደኛል፤ በየሻይ ቤቱም ተናግሬበታለሁ። ሆኖም ያን ዓርብ አንድ ሰው ቀርጾኝ ቢሆን ኖሮ ልጁ ቤቱ ያድር ነበር። ስለዚህ ለመናደድ መብት እንዳለኝ እርግጠኛ አይደለሁም።

ትናንት ማታ ለጎረቤቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኳት። ስትሰማ እንደምትፈርድብኝ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን «ብሩሾቹን ገዝተው ሰጡት?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አልሰጠሁትም። ሐሳቡም አልመጣልኝም ነበር። የስልኳን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ገልብጣ እንድትይዝና እንድታመለክት ነገርኳት። አብሬያት ከሄድኩ እንደምትሄድ ነገረችኝ። አንዲት ዜጋ አቤቱታ ለማስመዝገብ የቀድሞ ፖሊስ ይዛ መሄድ አልነበረባትም፤ ቢሆንም እሄዳለሁ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።