ርግጫ ያለው ወይስ ርግጫ አልባ? ስለ ሞላ አየር ጠመንጃ ለተጠየቀው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ «ጀርመን አገር የተኳሾች ማኅበር ገብቻለሁ። አዲስ ቫይራውኽ ኤችደብሊው 97 ልግዛ ወይስ ያገለገለ ፋይንቬርክባው 300ኤስ? ሁለቱም በሞላ የሚሠሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሲተኮስ ይራገጣል፣ ሁለተኛው አይራገጥም። ዒላማን በትክክል የሚመታው የትኛው ነው?» ሁለቱም ቤቴ አሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ተኩሼባቸዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ቁርጡን ላስቀድም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ፣ አያያዙን አውቀህበት ከተኮስክ፣ በ10 ሜትር ርቀት የሁለቱ ልዩነት ከምትገምተው በጣም ያነሰ ነው። ቆመህ ስትተኩስ ግን 300ኤስ በግልጽ ይበልጣል።

የአየር ጠመንጃ የሚራገጠው በጥይቱ ምክንያት አይደለም። 4.5 ሚሊሜትሯ የእርሳስ ጥይት የምትመዝነው ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ጠመንጃውን የሚያናውጠው ፒስተኑ ነው። ከ200 ግራም በላይ የሚመዝን ብረት በሞላው ተገፍቶ ወደ ፊት ሲወነጨፍ ጠመንጃው በዚያው ቅጽበት ወደ ኋላ ይሄዳል። ፒስተኑ ከታመቀው አየር ጋር ሲጋጭ ደግሞ ይገታና ጠመንጃውን መልሶ ወደ ፊት ይነዳዋል። ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ ሲጀምር ጥይቷ ገና ከቦታዋ አልተነሣችም። ከአፈሙዙ የምትወጣው ጠመንጃው ጥቂት ሚሊሜትር ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። እስቲ አስላው፦ አንድ ሜትር የሚረዝም ጠመንጃ አፉ በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ በ10 ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ይስታል። የ10 ሜትር ውድድር ዒላማ መካከለኛ ነጥብ ደግሞ ስፋቷ 0.5 ሚሊሜትር ናት!

«ርግጫ አልባ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በ300ኤስ ውስጥ ርግጫው አልጠፋም። ምላጩን ስትስብ የጠመንጃው ብረት በሙሉ፣ ከነማነጣጠሪያው፣ በእንጨቱ ላይ በሐዲድ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እንጨቱ ግን ባለበት ይቆያል፤ ጉንጭህም ትከሻህም ያረፉት እንጨቱ ላይ ስለሆነ ምንም አይሰማህም። ብረቱም ሰው ሳይነካው ሁልጊዜ በአንድ መስመር ይሄዳል። ርግጫን በእውነት የሚያጠፋው በአሮጌዎቹ የዲያና የውድድር ጠመንጃዎች፣ ለምሳሌ በዲያና 75 ውስጥ ያለው የጊስ ሥርዓት ነው። በጥርስ የተያያዙ ሁለት ፒስተኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዱና የአንዱን ምት ሌላው ይሽረዋል። አንሹትስ 250 በበኩሉ ምቱን በዘይት ያበርደዋል። ለእጅ ስሜት ከሆነ እኔ የጊስን የሚያህል አላየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ኤችደብሊው 97ን የገዛሁ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ተናድጄበታለሁ። በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ ጭምቅ አድርጌ ይዤ እተኩስ ነበር። አምስቱ ጥይቶች አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይበተናሉ። ጥፋቱን በጥይቱ፣ ከዚያም በጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር አመካኘሁ። አንድ ቀን የማኅበራችን አንጋፋ ተኳሽ አጠገቤ ተቀመጠና «እጅህን ከከረጢቱ ላይ ዘርጋ፤ ጠመንጃውን መዳፍህ ላይ አሳርፈው፤ አትጨብጠው» አለኝ። ቀኝ እጄንም አላላሁ፤ ሰደፉን ትከሻዬን ነካ ብቻ እንዲያደርግ ተውኩት። አምስቱ ጥይቶች ገጥመው አንድ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ ሠሩ። ጠመንጃው ያው፣ ጥይቱም ያው!

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። የ300ኤስ ሐዲድ የሚሠራው ሥራ ልክ ያንን የላላ አያያዝ ነው። ጠመንጃው እንደ ልቡ፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ወደ ኋላ እንዲሄድ ይፈቅድለታል። በኤችደብሊው 97 ያንን ሥራ የምትሠራው አንተ ነህ፤ ለዚያውም በእያንዳንዱ ጥይት። ቆመህ፣ እጅህ ደክሞ፣ አርባኛው ጥይት ላይ ስትደርስ ያንኑ አያያዝ መድገም ከባድ ነው። የውድድር ተኳሾች ርግጫ አልባውን የመረጡት ለዚህ ነው። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባም ርግጫ ያለው ጠመንጃ ከዚያ ደረጃ ከወጣ ቆይቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ በውድድሩ አስቀድሞ የታመቀ አየር የሚጠቀሙት ጠመንጃዎች ሞላዎቹን ሁሉ ተክተዋል።

ስለዚህ ሐሳብህ በማኅበሩ አዳራሽ በ10 ሜትር ወረቀት ላይ መተኮስ ከሆነ፣ ያገለገለውን 300ኤስ ውሰድ። ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል፤ ከለመድከው ክብደቱ ራሱ ያረጋጋሃል። ከቤት ውጭ በ25 ወይም በ40 ሜትር መተኮስ ካማረህ ግን ኤችደብሊው 97 ይሻልሃል፤ መነጽርም በቀላሉ ይገጠምለታል። መነጽር ስትገዛ ለሞላ ጠመንጃ የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚመጣው ድርብ ምት ለተራ መነጽር አይመችም፤ የእኔ የመጀመሪያው በሦስተኛው ሳምንት ውስጡ ተላቀቀ። መማር ለምትፈልግ ደግሞ ርግጫ ያለው ጠመንጃ ድንቅ አስተማሪ ነው፤ እኔ ልጄን ያስጀመርኩት በእርሱ ነው፣ አሁንም አልጸጸትም።

300ኤስን ለማየት ስትሄድ ሁለቱን ነገር አትርሳ። የኃይል መጠኑ ከ7.5 ጁል የማይበልጥ መሆኑን የሚያሳየው ባለ አምስት ማዕዘኑ የኤፍ ምልክት ብረቱ ላይ መኖሩን ተመልከት። ከዚያ ባለቤቱን አስፈቅደህ፣ ጥይት አጉርሰህ አንድ ጊዜ ተኩስ፤ ብረቱ በእንጨቱ ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተት በዓይንህ ማየት አለብህ። ሳይንቀሳቀስ ከቀረና ምቱ ትከሻህ ላይ ከተሰማህ ሐዲዱ ተይዟል ማለት ነው፤ የጥገናውን ዋጋ ከሽያጩ ላይ አስቀንስ። ያለ ጥይት ግን አትሞክረው፤ አየሩን የሚያግድ ነገር ስለማይኖር ፒስተኑ በሙሉ ኃይሉ ከብረቱ ጋር ይላተማል።